የሚስተር ቶሚ ፉርጎ ጎታች

ማዘንጊያ፣ ሪከንባከር በሚባለው አካባቢ የነበራትን የመጋዘን ሥራ የተወችው ጉልበቷ አልታዘዝ ብሏት ነው። እዚያ ዓመታት ሙሉ ስትሠራ የኖረችው ዕቃ የተጫነ ጋሪ ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መግፋት ነበር። አሁን ቀን ቀን ክሊንተንቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ እንግሊዛዊ ሽማግሌ ትንከባከባለች፤ ከዚያ ወጥታ ማታ አረጋውያን የሚጦሩበት ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ልጇ ሶልያና ኮሌጅ ከጀመረች ወዲህ፣ ክፍያው በእሷ ላይ ስለሆነ፣ አንዱንም ሥራ ለመልቀቅ አስባ አታውቅም።

ሽማግሌው ሚስተር ቶሚ ይባላሉ። ፓርኪንሰን የሚባል የነርቭ በሽታ ስላለባቸው እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ግራ እግራቸውንም ይጎትታሉ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ የምግብ ጠረጴዛቸውን የመጫወቻ ባቡር ግቢ አድርገውታል። በላዩ ሦስት አጫጭር ሐዲዶች፣ ጥቂት ፉርጎዎችና አንዲት ጎታች ባቡር አሉ። ባቡሯ አራት ጎማ ብቻ ያላት፣ የውሃ ታንከሯን እንደ ኮርቻ ጀርባዋ ላይ የጫነች፣ ከመዳፍ የማትበልጥ አረንጓዴ ነገር ናት። ትልልቆቹ እህቶቿ ድሮ በእንግሊዝ ወደቦች በእንፋሎት ሲሠሩ፣ ሩቅ አገር ሳይሄዱ ቀኑን ሙሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ፉርጎ ሲስቡና ሲገፉ ነበር የሚውሉት።

ከምሳ በኋላ ሚስተር ቶሚ የፉርጎ ሥዕል ካለባቸው ካርዶች ጥቂቱን ያወጣሉ። ጨዋታው ፉርጎዎቹን በካርዶቹ ተራ መደርደር ነው። እጃቸው እንቢ ስላላቸው መቆጣጠሪያውን የምትይዘው ማዘንጊያ ናት፤ እሳቸው ወደፊት፣ ቀስ፣ ወደኋላ እያሉ ያዟታል። አንድ ቀን ሰልችቷት፣ ጉልበቴን የጨረሰውን ሥራ እዚህም በትንሹ እየሠራሁት ነው አለቻቸው። ፈገግ ብለው ቀጣዩን ካርድ ገለጡ።

በየካቲት አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዋን ተክታ ሌሊቱን ሙሉ ነርሲንግ ሆም አድራ፣ ከዚያው በቀጥታ ወደ ሚስተር ቶሚ መጣች። ከምሳ በኋላ እንደ ወትሮው መቆጣጠሪያውን ያዘች። ሽማግሌው “ቁሚ” ሲሉ አልሰማችም። የቀሰቀሳት ባቡሯ ከጠረጴዛው ጫፍ ወድቃ ወለሉ ላይ ስትከሰከስ የተሰማው ድምፅ ነው።

ባቡሯ በጎኗ ተኝታለች። ጎማዎቿን የሚያያይዘው ቀጭን ዘንግ ወልቋል፤ ጭስ ማውጫዋም ተሰብሯል። ማዘንጊያ አንስታ መዳፏ ላይ አድርጋ ይቅርታ ጠየቀች። እዚህ ሥራ ላይ ለመደባት ኤጀንሲ ኮል ያደርጋሉ ብላ ፈርታ ነበር። እሳቸው ግን የመሣሪያ ሣጥናቸውን እንድታመጣ ብቻ ጠየቋት። እያሳዩዋት ዘንጉን በወረንጦ ይዛ ወደ ቦታው ለመመለስ ደጋግማ ሞከረች። በመጨረሻ ገባ፤ ጭስ ማውጫውን በሙጫ አጣበቁት።

ከዚያ ሚስተር ቶሚ መጨረሻ የተኛችው መቼ እንደሆነ ጠየቋት። ነገሩን ልታድበሰብስ ስትል ስለ እግራቸው ይነግሯት ጀመር። እሷ እስከዚያ ድረስ እግራቸውን የሚያስጎትታቸው በሽታው ይመስላት ነበር።

ገና ጎረምሳ ሳሉ ሊቨርፑል ወደብ ተቀጥረው፣ ጫፉ መንጠቆ በሆነ ረጅም ዘንግ ፉርጎዎችን ማያያዝና መፍታት ነበር ሥራቸው። አንድ ጠዋት የወደቡን ጎታች ባቡር የሚነዳው ሰውዬ የታመመ ጓደኛውን ተክቶ ሲሠራ አድሮ ነበር። እንደቆመ እንቅልፍ ወሰደው። ባቡሯ መግፋቷን አላቆመችም፤ ልጁ ቶሚ ደግሞ በሁለት ፉርጎዎች መሃል ነበርና ግራ እግሩ ተጨፈለቀ።

“ክፉ ሰው አልነበረም” አሏት። “ጠዋት ዓይኑ በእንቅልፍ መክበዱን ሁላችንም አይተናል። ሂድና ተኛ ያለው ግን ማንም የለም።” ከዚያም፣ “አንቺ ዛሬ የጣልሽው መጫወቻ ነው። ማታ ከአልጋ የምታነሺው ግን ሰው ነው” አሏት።

ማዘንጊያ ስትወጣ በውስጧ ተናዳ ነበር፤ የልጅ ኮሌጅ የማይከፍሉ ሰው ሲናገሩ ይቀላቸዋል ብላ። መኪናዋ ውስጥ ገብታ ግን ሞተሩን ሳታስነሳ ብዙ ተቀመጠች። በመጨረሻ ነርሲንግ ሆሙ ጋ ደውላ ዛሬ አልገባም አለች። ሱፐርቫይዘሯ አጉረመረመች።

እቤት ስትደርስ ሶልያና ደነገጠች። “ማሚ፣ አር ዩ ሲክ?”

“አላመመኝም። ደክሞኛል” አለቻት። ለልጇ ይህን ብላ አታውቅም ነበር። ሶልያና ቦርሳዋን ተቀበለቻት።

በሳምንቱ ሁለቱ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ትንሽም ተኳረፉ። ማዘንጊያ የማታ ሥራውን በሳምንት ወደ ሦስት ማታ ዝቅ አደረገች፤ ሶልያናም የምትወስዳቸውን ክላሶች ቀንሳ ፓርት ታይም ሥራ ገባች። ኮሌጁ በዚህ ሰበብ ይረዝማል። ሁለቱም አልወደዱትም።

በጸደይ፣ ሌላ ስቴት የሚኖረው የሚስተር ቶሚ ጎልማሳ ልጅ መጥቶ አባቱን ይዟቸው ሄደ። ቤቱ ተሸጠ፤ ባቡሯና ፉርጎዎቿ በጋዜጣ ተጠቅልለው የመጫወቻ ባቡር ለሚሰበስብ አንድ ሰው ተሰጡ። ሽማግሌው ሲሰናበቷት እጇን ይዘው ብዙ ቆዩ፤ የተናገሩት ግን በሽታው አንደበታቸውንም እየያዘው ስለነበር በደንብ አልገባትም።

ኤጀንሲው ዋይንላንድ ፓርክ የሚባል ሰፈር አንዲት አሮጊት ጋ መደባት፤ ቀኑን ሙሉ ቴሌቪዥን የሚያዩ፣ ቃል የማይተነፍሱ ሴት ናቸው። ድካሙ እንደሆነ ጨርሶ አልለቀቃትም። ሥራ በማትገባባቸው ማታዎች ግን ከልጇ ጋር እራት ትበላለች፤ ብዙም ሳያወሩ።