ያላለቀው ፊልም

አባቴን፣ ቄስ ገብረ አማኑኤልን፣ ሳል ሲጠናባቸው ከጋዝጊብላ አምጥቼ ሰቆጣ እኛ ቤት አስተኛኋቸው። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጥቶ ያገግማሉ አለኝ፤ እኔ አላመንሁም። እናቴ ስትሞት አንድም ፎቶ ስላልነበራት ቀሚሷን ይዘን ነው ያለቀስነው። ዛሬ መልኳን ላስታውስ ስል የሚመጣብኝ ቀሚሱ ነው። በአባቴም እንዳይደገም ፈራሁ።

ባለቤቴ ኪዳኑ ለልጃችን ክርስትና የገዛው ካሜራ ነበር። አዲስ ፊልም አስገባልኝና አባቴን አልጋቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ መስኮቱ ከኋላቸው ሆኖ አነሣኋቸው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ ለመታወቂያ ነው አልኋቸው።

ፊልም የምናሳጥበው በአውቶቡስ ሹፌር እጅ ወልድያ ልከን ነው። ገና ብዙ ፎቶ የሚቀረውን ፊልም ሳያልቅ ብከፍተው ብርሃን ያቃጥለዋል ብዬ ሰጋሁ። ኪዳኑ፣ አጥሩንም ግድግዳውንም አንሺና ጨርሺው አለኝ።

መጀመሪያ እንደዚያው አደረግሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ገበያ ስወርድ፣ ከአበርገሌ የመጡ ፍየሎች አቧራውን እያስነሡ ሲያልፉ አየሁና ቆምሁ። ፀሐይ ከጎን ስትመታቸው የጀርባቸው ፀጉር አንድ በአንድ ይለያል። አነሣሁ። ጎረቤቴን እማዋይሽን ጌሾ ስትወቅጥ አግኝቼ ፊቷን ወደ በሩ አዞርኋት።

«ምነው፣ እኔም ልሞት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሳቅሁ። ከከረምሁበት ድካም መሀል እንዴት እንደመጣ አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ልጨርሰው የተጣደፍሁበትን ፊልም እሰስተው ጀመር፤ ብርሃን ካላማረኝ አላነሣም። ቤት ስደርስ ግን ሁልጊዜ በሩ ላይ ቆሜ የአባቴን ትንፋሽ አዳምጣለሁ።

ፊልሙ አልቆ ፎቶዎቹ ከወልድያ ሲመጡ ፍየሎቹ አምረዋል፤ እማዋይሽም ራሷን መስላለች። የአባቴ ላይ ግን መስኮቱ ነጭ ሆኖ እሳቸው ጠቁረዋል። ፊት የለም። ቁጭ ብዬ አለቀስሁ።

አባቴ ተቀብለው አዩት። «ዓይናዲስ፣ በዚህ መታወቂያ ማን ይለየኛል?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ለለቅሶው እንደሆነ ገብቶኛል። ያን ቀሚስ ይዘው ሲያለቅሱ እኔም ነበርሁ።»

ኪዳኑ ሌላ ፊልም ገዛ። አባቴን ደግፌ ደጅ አስቀመጥኋቸው፤ ጥምጥማቸውን ራሳቸው አስተካከሉ። ፀሐይዋ አናት ላይ ስለነበረች ጥላው ዓይናቸውን ሸፍኖታል።

«አባ፣ ዝቅ እስክትል ትንሽ ይታገሡኝ» አልኋቸው።

«እኔስ የምቸኩልበት የለኝ። የምትጣደፊው አንቺ ነሽ።»

በርጩማ አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥሁ።