አለች ማለት ነው

«እማዬ ስትሞት ስልኩ እኮ እጇ ላይ ነበር» አለች ታላቅ እህቷ፣ ብርጭቆዎቹን ትሪው ላይ እየደረደረች። «አንቺ ጋ አልደወለችም አይደል?»

«አልደወለችም።»

ታናሽቱ ይህን መልስ ከቀብሩ ወዲህ ለስንት ሰው እንደሰጠች አታውቅም። በሰጠችው ቁጥር ድምጿ እየጠራ መሄዱን ግን ልብ ብላለች። ያስፈራትም እሱ ነው።

ሳሎኑ ከጎረቤት በመጡ ወንበሮች ተጣቧል። የእናታቸው የስፌት መኪና ከነልብሱ ጥግ ይዟል፤ ሥሩ አሁንም የክር ቁርጥራጭ ይታያል። «ራዲዮ» የሚሏት ጎረቤት መኪናውን ተደግፋ ተቀምጣ የመጣውን ሁሉ ታስተዋውቃለች፤ የማታውቀውን ደግሞ ትጠይቃለች።

ታናሽቱ ልጅ ሳለች ከዚያ መኪና ሥር ተቀምጣ ነበር እንግሊዝኛ የምታጠናው። እናትየው እግሯን ከመርገጫው ሳታነሳ ትፈትናታለች።

«ሸሚዝ ቁልፍ ሲጎድለው?»

«ሚሲንግ።»

«ቁልፉ ራሱ የገባበት ሲጠፋስ?»

«ሎስት።»

«ነጭ ክር አልቆብኝ ደንበኛ ቢመጣ?»

«አውት ኦፍ ስቶክ።»

«እሺ፣ እዚሁ ቁጭ ብዬ፣ ያንን ነዝናዛ ሰውዬ ከበር ልመልሰው ብልስ?»

ልጅቱ እርሳሷን ነክሳ አሰበች። «ኖት አቬይለብል። የለችም ማለት እኮ አይደለም እማዬ። አለች፣ ግን አትገኝም ነው።»

«ውይ! በጨዋ ደንብ መዋሸት ነዋ!» ብላ እናትየው እስክታነባ ሳቀች።

ልጅቱ አድጋ በአንድ ማሠልጠኛ የቢሮ ሠራተኞችን የስልክ አነጋገር የምታስተምር ሆነች። እናትየውም ያኔ የለቀመችውን እንግሊዝኛ በማሠልጠኛው ስልክ ተቀባይ ላይ ትሞክረው ጀመር። ልጇ ሳትጠይቃት ስትሰነብት ትደውልና «ሄሎ፣ ማይ ዶተር ኢዝ ሎስት!» ትላለች፣ ልጄ ጠፋችብኝ ለማለት። ስልክ ተቀባይዋ ትስቃለች፤ ለቢሮው ትነግራለች፣ ቢሮውም ይስቃል። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። የታናሽቱ ጆሮ ግን ይግል ነበር።

እናትየው በሞተችበት ቀን ጠዋት ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጡ እንግዶችን ይዛ መግቢያው ላይ ቆማ ሳለ ስልኩ ጮኸ። ስልክ ተቀባይዋ መነጋገሪያውን በመዳፏ ሸፍና «እናትሽ ናቸው» አለቻት። ታናሽቱ በአይኗ ወደ እንግዶቹ ጠቆመችና «የለሁም» ለማለት ራሷን ነቀነቀች። ስልክ ተቀባይዋም ታናሽቱ ራሷ እንዳሠለጠነቻት፣ በለሰለሰ ድምፅ «ሺ ኢዝ ኖት አቬይለብል» አለች።

ቆይቼ እደውልላታለሁ ብላ ነበር። ከምሳ በኋላ እህቷ ደወለች።

አሁን ስልክ ተቀባይዋ ጥቁር ሻሽ አስራ፣ ብቻዋን የለቅሶው ቤት በር ላይ ቆማለች።

«ግቢ የኔ እናት፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ» አለች ራዲዮ። «ማን ልበል? ታውቂያት ነበር?»

«በድምፅ ብቻ። የልጃቸው መሥሪያ ቤት ስልክ የማነሳው እኔ ነኝ።»

እህትየው ትሪዋን እንደያዘች ቆመች። «በዚያን ቀን ደውላ ነበር?»

ስልክ ተቀባይዋ ታናሽቱን አየቻት። ከዚያ ወለሉን።

«ደውለው ነበር። እሷ ወጣ ብላ ነበር፤ ስትመለስ ልነግራት… ረሳሁ። ይቅር በሉኝ።»

«ረሳሁ?» አለች እህትየው። «እናቴ ነፍሷ እየወጣ ደውላ፣ ረሳሁ? ደግሞ ልትነግሪን ነው የመጣሽው?»

ስልክ ተቀባይዋ ሻዩን ሳትነካ ተነሥታ ወጣች። ታናሽቱ ግቢው በር ላይ ደረሰችባት።

«ምን ነካሽ? ለምን እንደዚያ አልሽ?»

«ምን ልበል ታዲያ? እህትሽ እኔን ከዛሬ በኋላ አታየኝም። አንቺን ግን ዕድሜዋን ሙሉ ነው የምታይሽ።»

«እማዬ ምን አለችሽ በስልክ? እውነቱን።»

ስልክ ተቀባይዋ የሻሿን ጫፍ ጠቀለለች፣ ፈታች። «‹ኖት አቬይለብል› አልኳቸው። ከዚያ ‹አለች ማለት ነው› አሉኝ። ‹ደህና ናት፣ ሥራዋ ላይ ናት። በይ አትረብሻት።› ድምፃቸው ደከም ብሎብኝ ነበር። እንቅልፍ ያጡ መሰለኝ።»

ታናሽቱ ስትመለስ ራዲዮ ጀምራዋለች። «የዛሬ ልጆች! ሥራዋ ስልክ ማንሳት፣ የሚያቅታት ስልክ ማንሳት!» ወንበሮቹ ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝም ብትል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር፤ ጥፋቱን ተሸክማ የሄደችው ልጅ ተመልሳ አትመጣም።

«ነበርኩ» አለች ታናሽቱ፣ ከበሩ ሳትርቅ።

«እ?» አለች እህቷ።

«ስልኩ አጠገብ ቆሜ ነበር። ልጅቷ አልረሳችም። የለችም በያት ያልኳት እኔ ነኝ። እማዬ እንግዶች ፊት በእንግሊዝኛዋ እንዳታስቅብኝ… አፍሬባት ነው።»

ራዲዮ ከተደገፈችው መኪና ቀና አለች።

እህትየው አልጮኸችም። ሻዩን ማደል ቀጠለች፤ ለእያንዳንዱ ሰው ጎንበስ እያለች፣ በሁለት እጇ። ታናሽቱ ጋ ስትደርስ አለፈቻት። ትሪው ላይ አንድ ብርጭቆ ሲቀር ቆመች፤ ቆመችና ተመለሰች። ፊቷን ሳታያት፣ እጇ ላይም ሳትሰጣት፣ ብርጭቆውን እግሯ ሥር ወለሉ ላይ አስቀመጠችላት።

ታናሽቱ ዝቅ ብላ ከወለሉ አነሣችው፤ በሁለት እጇ።