የቅዳሜው ቀለብ

የእየሩሳሌም ተዝካር ወጥቶ ሁለት ወር ሳይሞላ ለልጇ ለናርዶስ የጡረታ አበል ተፈቀደላት። እየሩሳሌም ወልድያ ላይ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረች መምህርት ነበረች። ልጅቱን የምታሳድጋት የእየሩሳሌም እህት ሙሉ፣ የአበሉን ወረቀት ስታነብ ሟቿ ከመቃብር እጇን የዘረጋች መስሏት አለቀሰች።

አባትየው አያሌው መርሳ ላይ መካኒክ ነው። ከእየሩሳሌም ከተፋታ ወዲህ የተፈረደበትን ቀለብ፣ ገቢው የቀን ስለሆነ፣ እየከፋፈለ በየቅዳሜው ራሱ ወልድያ ድረስ ያመጣ ነበር። ናርዶስንም ጭማቂ ቤት ይወስዳት ነበር።

ሁለተኛ ሚስቱ ስትወልድ ቀለቡ እንዲቀርለት ለፍርድ ቤት አቤቱታ አስገባ። «ልጅቱ አሁን ከመንግሥት ታገኛለች፤ እኔ ሌላ ሕፃን መጥቶብኛል» አለ።

«ጡረታው የእናቷ ድካም ነው፤ የአባቷን ድርሻ እንዴት ይተካል?» አለች ሙሉ ዳኛዋ ፊት ቆማ።

ዳኛዋ መዝገቡን አገላብጠው፣ አበሉ ለልጅቱ ይበቃል፣ የአባትየውም አቅም አነስተኛ ነው ብለው ቀለቡ ለጊዜው እንዲቋረጥ ወሰኑ። አያሌው ሲወጣ ሙሉን ቀና ብሎ አላያትም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ናርዶስ ፀጉሯን ተሠርታ ደጅ ላይ ጠበቀች። በሁለተኛውም ጠበቀች። በሦስተኛው ቅዳሜ አክስቷ ሙሉ በሚኒባስ ተሳፍራ መርሳ ወረደች።

አያሌው ከአንድ አይሱዙ ሥር ወጣ። «ፍርዱ አልቋል፤ ምን ፈልገሽ ነው?»

«ለገንዘብ አልመጣሁም። ልጅህ ትጠብቅሃለች።»

እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «ባዶ እጄን ምን ብዬ ልምጣ? ያቺን ብር ስይዝ እግሬም ይታዘዘኝ ነበር።»

«ባዶ እጅህን ና። የመሳፈሪያውን ከአበሏ እሰጥሃለሁ።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ሙሉ ራሷን ጠላች። የአያሌው ፊት ጠቆረ። «አትድፈሪኝ» ብሎ ተመልሶ ከመኪናው ሥር ገባ። እሷም እግሮቹን እያየች ጥቂት ቆማ ተመለሰች። ሚኒባሱ መንገድ ላይ ሲሪንቃን ሲያልፍም ለልጅቱ ምን ብላ እንደምትዋሽ አላገኘችም።

ናርዶስ የቤት ሥራዋን እየሠራች ነበር። «አገኘሽው?»

«ሥራ በዝቶበት ነው።»

ልጅቱ እንዳቀረቀረች፣ «አክስቴ፣ የእማዬን ብር ለመንግሥት ብንመልሰው አባባ ይመጣል?» አለች።

ሙሉ ሄዳ አጠገቧ ተቀመጠች። ናርዶስ ወደ ደብተሯ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ስለ አባቷ ጠይቃ አታውቅም፤ አያሌውም እስከ ዛሬ አልመጣም።