የላመው ባሩድና ሸካራው ባሩድ

ኦርሊና ፕሮፊት «የአባቷን ጠመንጃ ገደለች» ተብላ ሦስት ዓመት ሙሉ ታማች። ሐሜቱን የጀመረው ደግሞ ጠላት አይደለም፤ የገዛ ታናሽ ወንድሟ ኤስቲል ነው። ወንድም ብሎ ዝም!

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና እንዲህ ነው የሆነው። በአፈሙዙ የሚጎርሰው ያ ረጅም ጠመንጃ ከማርጀቱ የተነሳ አረሩን አሽከርክሮ የሚያቀናው የውስጡ ጠመዝማዛ ቦይ አልቆ ነበር። አባትየው ሊሞቱ ሰሞን «እስቲ ከእኔ የተማርሽውን አሳዪኝ» ብለው ለኦርሊና ሰጧት። እሷም ቀዳዳውን አስፍታ አዲስ ቦይ ቀደደችለት። አባት ግን አንዴም ሳይተኩሱበት አረፉ። ኤስቲል ወርሶ ቢተኩስበት፣ አንዱ አረር ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ጎረቤት አጥር! ከዚያ ወዲያ በዚያ የኬንታኪ ሸለቆ ጠመንጃ ይዞ የኦርሊናን በር ያንኳኳ ሰው የለም። እሱም ቢሆን ጠመንጃውን ዳግም አላስነካትም።

ዛሬ የሰንጋው የተኩስ ውድድር ነው። ሰንጋው በረት ውስጥ ሆኖ ያመነዥካል፤ ያሸነፈ ከሥጋው ቀድሞ ይመርጣል። ኤስቲል «ጠመንጃው ዛሬም ከሳተ ከምድጃው በላይ ሰቅዬው እገላገላለሁ» ብሎ ምሏል። ከተሰቀለ ደግሞ የኦርሊና ስም አብሮ ተሰቀለ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ማን ያወርደዋል?

ኤስቲል ለሙከራ አንዴ ተኮሰ። ለዒላማ የቆመውን ጥቁር ሳንቃ ጨርሶ ሳተው። ኦርሊና ተኩሱ እስኪቆም ጠብቃ ሣሩ ውስጥ ስትፈልግ፣ አረሩ የተጠቀለለበትን ጨርቅ አገኘችው፤ ተቃጥሎ ተቦጫጭቋል። ይዛው ወደ ኤስቲል ሮጠች።

«እየው! ጨርቁ ከተቀደደ አረሩን በቦዩ ማን ይመራዋል? የላመው ባሩድ ባንዴ ነዶ ያስበረግገዋል። ሸካራውን ስጠው፤ ረጋ ብሎ ይነድና ረጋ ብሎ ይገፋዋል።»

«እትዬ፣ ይሄ የአባባ የባሩድ ቀንድ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የላመ ነው የሞላበት። አሁን አንቺ ከአባባ ልትበልጪ ነው?»

«አባባ የላመ ሲያጎርሰው ጉሮሮው የሚያሳልፈው አተር ነበር፤ ዛሬ ባቄላ ያሳልፋል። ያሰፋሁት እኔ፣ ልኩን የማውቀው እኔ! ሥራ ለሠሪው እሾህ ላጣሪው ሲባል አልሰማህም?»

አፉ የማያርፈው ተወዳዳሪ ሆባርት ኮምብስ ከጎን ሳቀ። «ሸካራ? መድፍ ነው እንዴ የያዛችሁት? በሦስተኛው ተኩስ ጥላሸት ያንቀዋል!»

«የምጠርገው እኔ፤ አንተን ምን አሳሰበህ?»

ኤስቲል ቀንዱን ከአንገቱ አወለቀ። አባቱን የከዳ መስሎት ሣሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። «በይ አንቺው አጉርሺው። ከሳትኩ ግን ይሄን ጠመንጃ ዳግም እንዳታነሺብኝ።»

ኦርሊና ፈራች፤ መፍራት ሲያንሳት ነው። ከከረጢቷ ሸካራውን ባሩድ ሰፍራ አፈሰሰች፣ አረሩን ሞራ በተቀባ ጨርቅ ጠቅልላ በዘንግ ወደ ውስጥ ገፋችው። ኤስቲል ጠመንጃውን በወደቀ ግንድ ላይ አስደግፎ በደረቱ ተኛ። ድው! ጭሱ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ሳንቃውን ሲያይ እሷ ሣሩን አየች። ጨርቁ እዚያ ተዘርግቷል።

«ሙሉ ነው! አልተቀደደም!» ብላ ጮኸች። አረሩም የሳንቃውን መሐል ታኮ ገብቶ ነበር።

አሥር ተኮሰ። በየመሐሉ እርጥብ ጨርቅ እየሰደደች ጥላሸቱን ጠረገችለት። በመጨረሻ ሽማግሌው ዳኛ ከሳንቃው መሐል እስከ እያንዳንዱ ቀዳዳ ያለውን ርቀት በአንድ ክር እየደመሩ ለኩ፤ ክሩ ያጠረለት አሸናፊ ነው። የሆባርት ክር አንድ ክንድ ሆነ። የኤስቲል ከስንዝር አላለፈም! ዳኛው ዓይናቸውን አላመኑም፤ ደግመው ለኩት። ያው ስንዝር ነው።

«በል ኤስቲል፣ ከሥጋው ምረጥ» አሉት።

«ሥጋው ይቆይ!» አለና ግንዱ ላይ ወጣ። ፊቱ ቀልቷል። «ስሙኝ! እህቴ ጠመንጃውን ገደለችው ብዬ በየቤታችሁ የዞርኩት እኔ ነኝ። ሦስት ዓመት የማይስማማውን ያጎረስኩት እኔ፣ ስሟን ያጠፋሁት እኔ። በአባታችን ስም ይቅር በይኝ እትዬ! ሥጋውንም አንቺ ምረጪ።»

ኦርሊና እንባዋን አልደበቀችም፤ ምን ብላ ትደብቀዋለች? ከበሬው ታፋውን መረጠች። ዞር ስትል ሦስት ሰዎች ያረጁ ጠመንጃዎቻቸውን ታቅፈው ቆመዋል። ከኋላቸው ሆባርት ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኦርሊናዬ፣ የእኔም እኮ ቦዩ አልቋል።»

«አየሁት» አለች። «ተሰለፍ፤ አራተኛ ነህ።»