የኔታ የሾሙት ተኩላ

የላቲን ሰዋስው በምንማርበት ትምህርት ቤት፣ በአፍ መፍቻችን በጀርመንኛ መናገር ያስገርፋል። የሚያሳብቀውን ልጅ የኔታ ኦስዋልድ ከመካከላችን በድብቅ ይሾማሉ፤ «ተኩላ» እንለዋለን። ዘንድሮ ሦስት ጊዜ ተገረፍኩ፤ ሦስቴም አጠገቤ የነበረው ያ አስመሳይ ዮብስት ነው።

«አንተ ነህ ተኩላው!» ብዬ አንገቱን አነቅኩት።

«ሂድ ወዲያ! እኔስ አንተ መስለኸኝ አይደል ስፈራህ የከረምኩት?» አለኝ በጀርመንኛ።

እሰይ፣ ተያዘ! ሮጬ ሄጄ ለየኔታ ነገርኩ።

የኔታ ብዕራቸውን አስቀምጠው ሳቁ። «ዘንድሮ እኮ ተኩላ አልሾምኩም። ምን ያደርግልኛል? ሊያሳብቁ በገዛ እግራቸው ከመጡት አንተ አሥራ አራተኛው ነህ።»

አፍሬ ስወጣ ዮብስት ደጃፉ ላይ ተራውን ይጠብቃል። ለካስ እኔም የጮህኩት በጀርመንኛ ነበር።