የሹፌሩ ጸሎት

«ልጁ ከጸሎት ርቆ ነበር» አሉ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ኢተፋ፣ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ጉልበታቸው ላይ ከድነው። «እናንተ ወጣቶች ከዚህ ተማሩ።»

ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠው ለቀስተኛ ራሱን ነቀነቀ። ጎረቤታቸው እትዬ እልፍነሽ አጠገባቸው ወዳለችው ሴት ዘንበል ብለው፣ «እሁድ እሁድ ታይቶ አያውቅም እኮ» ሲሉ ሚልካ ሰማች። ውሃ እያደለች ነበር። እጇ ላይ የቀረውን የውሃ እሽግ መሬት ላይ አስቀመጠችው።

ወንድሟ ዳዊ ከሞጆ ደረቅ ወደብ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር ነበር። አዳሚ ቱሉን አለፍ እንዳለ መኪናው ተገልብጦ ሞተ።

ባለፈው ክረምት እስከ ቡልቡላ አብራው ሄዳ ነበር። መንገዱን ሙሉ መሪውን ይዞ ሲያወራ መጀመሪያ በስልክ መስሏት ነበር።

«ጌታ ሆይ፣ ያቺን ላም አሻግራት። ለዚያ ለባጃጁ ልጅ ደግሞ ልብ ስጠው። ሚልካ ሥራ ታግኝ ብዬህ አልነበር? ዝም አልከኝ። እኔ ግን ዝም አልልህም።»

«ዳዊ፣ እንዲህ ይጸለያል እንዴ?»

«ታዲያ ዓይኔን ጨፍኜ ልንዳ?» ብሎ ሳቀ።

«ጋሼ፣ ወንድሜ ጸሎት አልተወም» አለች ሚልካ አሁን ወደ ጋሽ ኢተፋ ዞራ።

«ልጄ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ።»

«ሐዘንም ነው፣ እውነትም ነው። እርስዎ ኩላሊትዎን ሲታመሙ፣ ሞጆ ኬላው ላይ ተሰልፎ ስምዎን እየጠራ ሲለምን በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ሽማግሌው አቀረቀሩ። «በሉ እንጸልይ» አሉ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ። እሳቸው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሚልካ ቆማ ጀመረች።

«ጌታ ሆይ፣ ሚልካ ነኝ። ተቆጥቼብሃለሁ። መንገዱን ሁሉ ሲያወራህ ኖሮ፣ ያን ቀን የት ነበርክ? መልስ እፈልጋለሁ። እስክትመልስልኝ አልለቅህም። ዳዊ ማን እንደነበር አንተ ታውቃለህ፤ ለነዚህ ሰዎች ንገርልኝ።»

ጥቂት ሰዎች ዓይናቸውን ገለጡ።

«አሜን በይና ተቀመጪ፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ኢተፋ በዝግታ።

«አልጨረስኩም።»

ከጠዋት ጀምሮ ከማንም ጋር ሳትነጋገር የቆየችው እናቷ ቀና አለች። ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችላት፤ እጇንም ስባ ጭኗ ላይ አሳረፈችው።

«ቁጭ ብለሽ ቀጥዪ» አለቻት።