የግራና ደሴት ባለ ኪሶች

ሩቂያ ሽንኩርት የተከለችበት መሬት ደሴት መሆኑን የሰማችው ከዱር እንስሳት ባለሙያው ከፈቃዱ ነው። እሷ የምታውቀው ከግራና አለፍ ብሎ ወንዙ ለሁለት ተከፍሎ የሚያቅፈው አሸዋማ ቁራሽ መሆኑን ነው። በክረምት ውሃ ይከበዋል፤ በበጋ ፍየል ጉልበቷ ሳይርስ ትሻገራለች።

ፈቃዱ ከወልድያ የመጣው ከውጭ አገር ጉብኝት በተመለሰ በሳምንቱ ነበር። አውስትራሊያ፣ አንድ ደሴት ላይ፣ ግልገሎቻቸውን በሆዳቸው ኪስ ይዘው የሚዘሉ እንስሳት ድመትና ቀበሮ ሳያስቸግራቸው ሲኖሩ አይቶ ልቡ እዚያው ቀርቷል።

«እትዬ ሩቂያ፣ ይህ ቦታ የባለ ኪስ እንስሳት መጠለያ ይሆናል። ሽንኩርቱን ይንቀሉልን።»

ሽንኩርቱ ገና አውራ ጣት አላከለም። የዓመት ቀለቧ እሱ ነው።

«እንስሳቱን በአውሮፕላን ልታመጣቸው ነው?»

«አይ፤ በጀቱ የተፈቀደው ለአገር በቀል ብቻ ነው። እዚሁ ያሉትን ነው የምንጠብቀው።»

«እዚህ አሉ እንዴ?»

«ይኖራሉ ተብሎ ነው የተፈቀደው» አለና መነጽሩን ጠረገ።

ሩቂያ ነገሩ ገባት። ሰውዬው የቸገረው እንስሳ ሳይሆን፣ አለ የሚልለት ሰው ነው።

«እንግዲህ ሌሊት ሌሊት እየመጣ ሽንኩርቴን የሚበላ አውሬ አለ» አለች። ጃርት መሆኑን ታውቃለች፤ ጃርት ነው ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም።

«ኪስ አለው?»

«እኔ ፈታሽ ነኝ?»

«ልጁንስ ይይዛል?»

«ልጁን የሚጥል ማን አለ፣ ልጄ?»

የፈቃዱ ፊት በራ። «በቃ፣ ሽንኩርቱ ምግባቸው ነው! እንዳይነቀል!»

ሩቂያ «አልሐምዱሊላህ» ብላ ሳትጨርስ ቦታው በሽቦ ታጠረ፤ ሀብታሙ የሚባል ጥበቃም ተቀጠረ። ሽንኩርቱ ደርሶ ጆንያዋን ይዛ ብትመጣ፣ ሀብታሙ በሩ ላይ ተገተረ።

«እትዬ፣ ክልክል ነው። የእንስሳቱ ቀለብ ነው።»

«እኔ የተከልኩት?»

«ቢሆንም፣ ይራባሉ ተብሏል።»

«አንተስ አይተሃቸዋል?»

«ዓይን አፋር ናቸው አሉ።»

ጆንያዋን አጣጥፋ ተመለሰች። ትንሽ ከቆየ እኮ ሽንኩርቱ መሬት ውስጥ ሊበሰብስ ነው።

ሐሙስ ዕለት ስለ ባለ ኪስ እንስሳት አያያዝ መርሳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። አበል ስላለው ጥበቃውም ሄደ። ሩቂያ ልጇን ሳሚራንና ሁለት አህዮች ይዛ በጠራራ ፀሐይ ገባች። ሰዎቹ ምሳ በልተው ሳይነሱ መደቡ ላይ ቅጠል እንኳ አልቀረም።

በማግስቱ ፈቃዱ ባዶውን መደብ ሲያይ ሀብታሙ ራሱን ያዘ። ሩቂያም ከዳር ቆማ የሚመጣውን ጠበቀች። የአህያ ኮቴ መሬቱን አተራምሶታል።

ፈቃዱ ግን ተንበረከከ። በወልድያ መንገድ ሁሉ አህያ እየተጋፋ አድጎ፣ ኮቴውን እንደ ብርቅ በስልኩ ፎቶ አነሳው።

«በአንድ ቀን ይህን ሁሉ? ተራብተዋል ማለት ነው!» ቀና ብሎ አያት። «እትዬ ሩቂያ፣ በሞቴ፣ ቶሎ ይትከሉላቸው። ችግኙን እኛ እንችላለን።»

ሩቂያ ባዶውን መደብ በዓይኗ ለካች።

«ቲማቲምስ ይወዱ ይሆን?»